ደሴ፦ ያከራየነው ምድር ቤት ከወለሉ ስር ውሃ ይወጣበታል፣ ምን ይሻላል?

የደሴዋ (ነሐሴ 3)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ እናቴ ቤት ምክር ፈልጌ ነው።

ቤቱ ደሴ ነው፣ በጦሳ በኩል ዳገቱ ላይ። ከፊት ሲያዩት ምድርና ፎቅ ነው። ከኋላ ግን የምድሩ ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ አፈር ውስጥ ነው። እናቴ ላይ ትኖራለች። ታች ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይታለች። ተከራዮቹ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ከቤተሰብ አንለያቸውም።

ሐምሌ ከገባ ጀምሮ በኋለኛው ግድግዳ፣ ግድግዳውና ሊሾው በሚገናኙበት መስመር ላይ ውሃ ይወጣል። ፈሰስ አይልም፣ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በጨርቅ ያደርቁታል፤ ቡናው ተፈልቶ ሳያልቅ ተመልሶ ይመጣል። የላስቲክ ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርጉት ከስሩ ውሃ ተኝቷል። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተላልጦ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። የልጆቹ ፍራሽ በታች በኩል ጠቁሯል።

አምና አንድ ባለሙያ ውስጡን በሲሚንቶ ለስኖ ዘይት ቀለም ቀብቶልን ነበር። ዘንድሮ ልስኑ ተነፍቶ በቁራሽ ይወድቃል። አሁን ሌላ ሰው መጥቶ "ወለሉ ላይ 10 ሳንቲም ኮንክሪት እንጨምርበት፣ ይታፈናል" አለን። ሲሚንቶ ከመግዛታችን በፊት የሚያውቅ ሰው ይምከረን። ልጆቹ ያስላቸዋል፣ እናቴም እንቅልፍ አጥታለች።

ግንበኛ ከአራዳ (ነሐሴ 3)

እህቴ፣ ኮንክሪቱን አታስደፊ። ደሴ ላይ ብዙ ቤት ሠርቻለሁ። ከስር የሚመጣ ውሃ ከላይ በተደፋ ኮንክሪት ሲቆም አላየሁም። አንድ ክረምት ይደበቅ ይሆናል። ከዚያ በሌላ ጥግ ይመጣል። አንዳንዴ በመሃለኛው ግድግዳ ስር አልፎ ደረቅ የነበረውን ክፍል ሁሉ ያበላሻል። ደግሞ ወለሉ ከፍ ሲል በሩ ሊቆረጥ ነው፣ ጣሪያው ሊያጥር ነው። ገንዘባችሁን ያዙ።

የመሠረት ሰው (ነሐሴ 4)

ሥራዬ መሠረትና የውሃ ማፋሰሻ ነው። ከአራዳ ያለው ወንድሜ ያለው ትክክል ነው፣ ምክንያቱን ልጨምር።

10 ሳንቲም ውፍረት ያለው ኮንክሪት በካሬ ሜትር ወደ 240 ኪሎ ይመዝናል። ውሃ ደግሞ በእያንዳንዱ የ1 ሜትር ከፍታ በካሬ ሜትር 1000 ኪሎ ይገፋል። ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ አፈር ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ከወለሉ 25 ሳንቲም ያህል ከፍ ካለ፣ ያንን አዲስ ኮንክሪት ከስር ወደ ላይ ማንሳት ይችላል። የእናንተ የኋላ ግድግዳ ሙሉ ቁመቱ አፈር ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ግድግዳው ግድብ ሆኖ ነው የሚቆመው።

አምና የተለሰነውም የወደቀው በዚሁ ነው። ውሃው ከድንጋዩና ከሲሚንቶው ውስጥ ጨው እያሟሟ ይመጣል። ፊቱ ላይ ሲደርስ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል። ጨው እየጠጠረ ልስኑን ይፈነቅላል። ነጩ ዱቄት እሱ ነው። ዘይት ቀለም ደግሞ ውሃው እንዳይተን ስለሚያፍነው ነገሩን ያባብሳል።

መፍትሔ ከማውራታችን በፊት ግን የምን ውሃ እንደሆነ እንለይ። ምድር ቤት ውስጥ የታየ ውሃ ሁሉ የከርሰ ምድር ውሃ አይደለም። የተሰበረ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። የጎረቤት ሽንት ቤት ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ ሊሆን ይችላል። የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚወጣ ላብም አለ።

የሚለየው መቼ እንደሚመጣ በማየት ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ ሲያባራ ቶሎ የሚቀንስ ከሆነ፣ ከጣሪያና ከጓሮ የሚወርደው ውሃ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ለሳምንታት የሚቀጥል ከሆነ፣ ዳገቱ ውስጥ የገባው ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ ከሆነ ይህ ለምርመራ ይጠቅማችኋል። የፈረቃው ቀን ውሃው ከጨመረ ቧንቧውን ጠርጥሩ። ያን ቀን ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። ማንም ሳይጠቀም ከዞረ፣ ከቆጣሪው ወዲህ የሚያፈስ መስመር አለ። ከቆጣሪው ወዲያ ላለው ደግሞ ጎረቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ላቡን ለመለየት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት በክፍሉ በኩል ያለው ፊቱ ከረጠበ ላብ ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከረጠበ ከግድግዳው የመጣ ነው።

አይታችሁ ንገሩኝ።

ተከራይ ከሮቢት (ነሐሴ 4)

እኔ በሌላው ወገን ያለሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁ። ስለዚህ ስለ ሰዎቹ ልናገር።

አንደኛ፣ እባክሽ ተከራዮቹ ክፍሉን ለማድረቅ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው እንዳይተኙ ንገሪያቸው። እኛ ሰፈር ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው። የከሰል ጭስ የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ አለው። አፈር ውስጥ የተቀበረ፣ መስኮቱ በአንድ በኩል ብቻ የሆነ ክፍል ደግሞ አየር አይቀይርም። ሰው ተኝቶ ይቀራል። በአላህ ይሁንባችሁ፣ ይህን ዛሬውኑ ንገሯቸው።

ሁለተኛ፣ ሻጋታውን በበረኪና ሲያጥቡ በርና መስኮት ይከፈት። በረኪናን ሽንት ቤት ከሚታጠብበት አሲድ ጋር አንድ ላይ እንዳያደርጉት። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ፍራሹ የሻገተ ከሆነ አይታጠብም፣ ይጣል።

ሦስተኛ የኪራይ ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አከራይ ያከራየውን ቤት ለተከራየበት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል። ብዙ ተከራይ ግን "ውጣ" እንዳይባል ፈርቶ ዝም ይላል። እኔም ዝም ብዬ ነበር የኖርኩት። እናትሽ ስለ ልጆቹ መጨነቋ ደስ ብሎኛል። ጭንቀቷ ግን በኪራዩ ላይም ይታይ። ግማሽ ቤት እየተኖረ ሙሉ ኪራይ መቀበል ልክ አይደለም።

የደሴዋ (ነሐሴ 8)

የከሰሉን ነገር ያልሽኝ/ያልከኝ ወገኔ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። በዚያው ምሽት ወርጄ ነገርኳቸው። እውነትም ማታ ማታ ያስገቡ ነበር። እናቴ ከላይ ያለውን የእንግዳ ክፍል ለቀቀችላቸው፣ ልጆቹ አሁን እዚያ ነው የሚተኙት። ኪራዩን በተመለከተም ቤቱ እስኪደርቅ በግማሽ እንዲሆን ተስማምተናል።

ያላችሁንም አየሁ። ላስቲኩ ከጀርባው ረጠበ። ቆጣሪው አይንቀሳቀስም። ሽታ የለውም፣ ጥርት ያለና በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ማታውኑ ይጨምራል። ግን ዝናብ በሌለበት ቀንም አያቆምም።

ሌላ ያየሁት ነገር፦ የኋላው ጣሪያ አሸንዳ የለውም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ጀርባ አፈሩን ቦርቡሮ ቦይ ሠርቷል። በዝናብ ጊዜ እዚያ ቆሜ አየሁት። ውሃው ቦዩ ውስጥ ይገባና የትም ሳይሄድ ይጠፋል።

የመሠረት ሰው (ነሐሴ 8)

የጠፋው ውሃ ወለላችሁ ላይ ነው ያለው እህቴ። በደንብ አይተሻል።

ሁለት ውሃ ነው ያለባችሁ፣ የጣሪያና የዳገት። ከጣሪያው እንጀምር፣ ርካሹ እሱ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1000 ሊትር ውሃ ነው የሚወርደው። አምስት በርሜል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደሴ ላይ ያን ያህል በአንድ ከሰዓት መጣሉ ብርቅ አይደለም። በዓመት ሲደመር ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ይህ ሁሉ ከግድግዳችሁ ጀርባ እየተቀበረ ነው።

ነገ አሸንዳ አሠሩ። የመውረጃው ቧንቧ ጫፍ ከቤቱ ጎን አልፎ ወደ ታችኛው የግቢ ወገን ይውጣ። ግድግዳው ስር እንዳትተዉት። የተቦረቦረውን ቦይ በጠጠር ሳይሆን በሚጠቀጠቅ የሸክላ አፈር ሙሉት። ፊቱ ከግድግዳው እየራቀ በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሳንቲም ዝቅ ይበል። ቦታ ከጠበበ ከላዩ ሲሚንቶ ይልበስ።

ቀጥሎ፣ ከቤቱ ኋላ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ከዳገቱ የሚወርደውን የላይ ውሃ ቆርጦ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ያስፈልጋል። ጥልቅ መሆን የለበትም። ግን ውስጡ በሲሚንቶ ይለሰን፣ ካልሆነ ሌላ መስረጊያ ትሠራላችሁ።

አያ ቧንቧ ውሃ (ነሐሴ 9)

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ደሴ ነው የኖርኩት። ስለ ቦይ ስትናገሩ አንድ ነገር ልበል።

እኛ ልጆች ሳለን ሰኔ ሳይገባ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ቦይ ይጠርግ ነበር። ከላይኛው ቤት የመጣው ውሃ በታችኛው ቤት ጎን አልፎ ወደ ትልቁ መውረጃ፣ ከዚያም ወደ ቦርከና እንዲሄድ መንገዱ የታወቀ ነበር። ዛሬ ያ ቦይ ብዙ ቦታ ላይ አጥር ታጥሮበታል፣ ኩሽና ተሠርቶበታል፣ ፌስታል ሞልቶታል። ውሃው ግን አልቀረም። በላይ ሲከለከል በአፈር ውስጥ ይመጣል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከላይሽ ያሉትን ጎረቤቶች ቡና ጥሪያቸው። ክስ ይዘሽ አትሂጂ። ቦዩ የት እንደተዘጋ አብራችሁ እዩ። ከታችሽ ያለውንም አስቢ። ያንቺን ውሃ እሱ ግድግዳ ላይ ብትለቂበት ነገ እሱ ያለቅሳል።

ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ (ነሐሴ 10)

እኔም ጥያቄ አለኝ፣ እዚሁ ልጠይቅ። ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፣ ሜዳው ላይ፣ ከወንዙ ብዙም አይርቅም። ምድር ቤቱን ለአንድ ሱቅ ዕቃ ማስቀመጫ አከራይቼው ነበር። አሁን ሰውየው ወጣና ለመኖሪያ የሚፈልጉ መጡ። ችግሩ ክረምት ሲገባ ከወለሉ መሃል ሁሉ ውሃ ይወጣል። ጥግ ላይ ብቻ አይደለም። አፈሩ መረሬ ነው። ግቢ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ አለኝ፣ ውሃው አሁን እጅ ሊነካው ምንም አልቀረው። በፓምፕ ልስበው አስቤያለሁ። ለደሴዋ የተነገረው መፍትሔ ለእኔም ይሠራል?

የመሠረት ሰው (ነሐሴ 10)

ወንድሜ፣ ያንተ ነገር ይለያል። ደሴ ላይ ውሃው ከዳገት እየወረደ መንገድ ላይ ቤቱን ያገኘዋል። ስለዚህ ወደ ታች የሚወጣበት በር ከተከፈተለት ይሄዳል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ሜዳ ላይ ናት። በወንዙ አካባቢ የከርሰ ምድሩ ውሃ ራሱ ክረምት ላይ ከፍ ይላል። ወለልህ ከውሃው ልክ በታች ሲሆን ከመሃል ይወጣል። ወደ የት ታፈሰዋለህ? ዙሪያው ሁሉ በአንድ ልክ ነው።

ጉድጓዱ ይጥቀምህ። ድንጋይ ያሰርክበት ገመድ ስደድና ከአፉ እስከ ውሃው ያለውን ለካ። የምድር ቤቱን ወለል ከዚያው ከጉድጓዱ አፍ ጋር አነጻጽር። በየሳምንቱ ጻፈው። ውሃው በዓመት ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብቻ፣ በጥቂት ሳንቲም የሚበልጥ ከሆነ ፓምፕ ያዋጣል። ለወራት ከወለሉ በላይ የሚቆም ከሆነ ግን ሜዳውን በሙሉ ለማድረቅ እየሞከርክ ነው።

ፓምፕ ከሆነ ደግሞ እንዲሁ ወለሉ ላይ ጣል የሚደረግ አይደለም። ከወለሉ ዝቅ ያለ ጉድጓድ፣ ዙሪያውን በጠጠርና በማጣሪያ ጨርቅ (ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር) የተሸፈነ፣ ውሃ ሲሞላ ራሱ የሚያስነሳ ፍሎት ያለው መሆን አለበት። ማጣሪያ ከሌለው ከውሃው ጋር ደቃቅ አፈር እየሳበ የቤትህን መሠረት ባዶ ያስቀረዋል። የምትስበው ውሃ ከደፈረሰ ወዲያው አቁም። መብራት ሲጠፋም ጀኔሬተር ይኖርሃል ወይ? በከባድ ዝናብ ጊዜ ነው መብራት የሚጠፋው።

ለመኖሪያ ማከራየቱን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። እኔ ብሆን አላከራይም። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሕፃን የተኛበት ክፍል ውስጥ ውሃ ሲነሳ ማየት አልፈልግም። ለዕቃም ቢሆን በመደርደሪያ ላይ ብቻ።

ቀለም ሻጭ (ነሐሴ 11)

እናንተ ሁሉንም በቁፋሮ ነው የምታስቡት። አሁን እኮ ገበያ ላይ ከውስጥ በኩል የሚቀባ ጥሩ ዋተር ፕሩፍ አለ። ከሲሚንቶ ጋር የሚሠራ ነው፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። እኛ ሸጠን የረካ ደንበኛ አለን። ቁፋሮ ድሃ አይችለውም።

ግንበኛ ከአራዳ (ነሐሴ 11)

ወንድሜ፣ ዕቃው ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። የውሃ ታንከር ላይ፣ ሻወር ቤት ላይ። ግን የእህታችን ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ ይሁን በድንጋይና በሲሚንቶ አናውቅም። የድሮ ደሴ ቤት ብዙው ድንጋይ ነው። በድንጋዮቹ መሃል የሚገፋ ውሃ ካለ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ያጥበዋል። መጀመሪያ ግፊቱ ይቀነስ፣ ከዚያ ይቀባ።

እኔ የምለው ከኋላ እስከ መሠረቱ ቆፍረን፣ ግድግዳውን ከውጭ በኩል ለስነን፣ ከስሩ ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቧንቧ እንቅበር። ትክክለኛው ሥራ ይህ ነው።

የመሠረት ሰው (ነሐሴ 12)

ለአዲስ ቤት ቢሆን ከአንተ ጋር ነኝ። እዚህ ግን እፈራለሁ።

የግድግዳው ሙሉ ቁመት አፈር ውስጥ ነው ብላለች። ስለዚህ ከኋላ የሚቆፈረው ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ነው። ዳገት ላይ፣ ከላይ ሌላ ቤት እያለ፣ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ባለበት! ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ናት፣ በጥናትም የተመዘገበ ነው። የተሰባበረ የባዛልት ድንጋይና ከዳገቱ የተንከባለለ አፈር ነው ያለው። ያን ያህል ጥልቅ ቦይ ያለ ድጋፍ ውስጡ ሰው ማስገባት አይገባም። ይናዳል። ሲናድ ደግሞ ሰው ለማዳን ጊዜ አይሰጥም። የላይኛው ጎረቤት አጥርም አብሮ ሊመጣ ይችላል።

የዚህ ቤት ዕድሉ ግን ሌላ ነው። የፊቱ በኩል ከመሬት ጋር እኩል ነው። ማለትም የምድር ቤቱ ወለል ከፊት ለፊት ካለው ግቢ በታች አይደለም። ስለዚህ ውሃውን ከውስጥ ተቀብለን በራሱ ክብደት ወደ ፊት ማውጣት እንችላለን። ፓምፕ የለም፣ መብራት የለም።

እንዲህ ነው። በኋለኛው ግድግዳ ስር ከውስጥ በኩል ሊሾው በ40 ሳንቲም ስፋት ይቆረጣል። ወደ 30 ሳንቲም ይቆፈራል፣ ከመሠረቱ እግር በታች ግን በፍጹም አይወረድም። በመጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከፍታችሁ መሠረቱ የት እንደሚያልቅ እዩ። ቁፋሮው ሁሉም በአንዴ አይከፈት። ሜትር ተኩል ያህል ይሠራ፣ ይሞላ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፍ። ማጣሪያ ጨርቅ ይነጠፋል። 02 የሚባለው የጠጠር ዓይነት ታጥቦ ይገባል። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቧንቧ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ይተኛል፣ በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲም እየወረደ። ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ጨርቁ ይታጠፋል፣ ከላይ ሊሾው ይመለሳል። ቧንቧው የጎን ግድግዳውን እግር ተከትሎ ከፊት ይወጣል።

በግድግዳው እግር ላይም በየሜትሩ ትንንሽ ቀዳዳ ወደ ጠጠሩ ይከፈት። ከጀርባ የቆመው ውሃ በእሱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ይሞታል። ከዚያ በኋላ የቀለም ሻጩ ወንድማችን ዕቃ ሥራ ያገኛል።

ግንበኛ ከአራዳ (ነሐሴ 12)

አሳምነኸኛል። የላይኛው ቤት መኖሩን ልብ አላልኩም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠጠሩ ታጥቦ ይግባ ያልከውን ሠራተኛው አያደርገውም። አቧራ ያለው ጠጠር በአንድ ክረምት ጭቃ ሆኖ ቧንቧውን ይደፍናል። የደሴዋ፣ ራስሽ ቆመሽ አሳጥቢው።

ኤሌክትሪሺያን ነኝ (ነሐሴ 13)

ማንም ሳያነሳው ቀረ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት ይገድላል። ከወለሉ ዝቅ ብለው የተሠሩት ሶኬቶች ሁሉ መስመራቸው ከቆጣሪው ቦርድ ላይ ይጥፋ። ለምድር ቤቱ ብቻ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ መስመሩን የሚቆርጥ ብሬከር ይግባ፣ አርዙም (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ይፈተሽ። ውሃ ያለበት ወለል ላይ በባዶ እግር ቆሞ ምጣድ የሚሰካ ሰው አይቻለሁ። ባለሙያ ይይ፣ በራሳችሁ አትነካኩት።

የደሴዋ (መስከረም 20)

እንኳን አደረሳችሁ። ወሬ ላምጣ።

አሸንዳው ተሠርቷል። ከላይ ያሉትን ጎረቤቶች አያ እንዳሉት ቡና ጠራናቸው። ቦዩ የተዘጋው በእነሱና በእኛ አጥር መሃል ነበር፣ የድሮ ድንጋይና ፌስታል ሞልቶበት። ልጆቻቸውና የእኛ ተከራይ አብረው ጠረጉት። አሁን የዳገቱ ውሃ በጎን ወርዶ ወደ መንገዱ ዲች ይሄዳል። ሶኬቶቹም ተቋርጠዋል።

ዝናብ ሲጥል የሚመጣው ጭማሪ ቆሟል። ግን ጥግ ያለው አልቆመም። ዝናቡ እየቀነሰ ሳለ ይኸኛው እንዲያውም የበለጠ ይመስለኛል። ይህ እንዴት ይሆናል? አንድ ደግሞ የሚያስፈራኝ አለ፣ በኋለኛው ግድግዳ ጥግ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አይቻለሁ።

የመሠረት ሰው (መስከረም 21)

እንኳን አብሮ አደረሰን። የቀረው ዳገቱ ውስጥ ያደረው ውሃ ነው። ሐምሌ የገባው ውሃ በአፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ከርሰ ምድሩ ከዝናቡ ዘግይቶ ይሞላል፣ ዘግይቶም ይጎድላል። እስከ ጥቅምት ቢቀጥል አትደንግጪ።

ስንጥቁን ግን ቀለል አድርገን አንየው። በሁለቱም በኩል በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀን ጻፊበት። በላዩ ትንሽ ጂፕሰም ለጥፊ። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው። በሮች መግጠም እምቢ ካሉ፣ ከኋላ መሬቱ ላይ ረጅም ስንጥቅ ከታየ፣ አጥሩ ወይም የመብራት ምሰሶው ካዘነበለ፣ ወይም ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ጉዳዩ የምድር ቤት መሆኑ ያበቃል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከቤቱ ይውጣና ማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ይጠራ። ከላይ ላሉት ጎረቤቶችም ንገሯቸው።

ካልተንቀሳቀሰ፣ የውስጡን ሥራ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጨርሱት። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ይመጣል፣ እሱ ይፈትንላችኋል።

ተከራይ ከሮቢት (መስከረም 22)

የኪራይ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ የጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ቀበሌ ጠይቁ። ባይመለከታችሁም የተስማማችሁበት ግማሽ ኪራይ፣ ሥራው መቼ እንደሚጀመርና ሰዎቹ ተመልሰው የመግባት መብት እንዳላቸው ወረቀት ላይ ይስፈር። በመልካም ልብ የተባለ ነገር ቤት ከተጠገነ በኋላ ሲረሳ አይቻለሁ።

የደሴዋ (መስከረም 22)

ይጻፋል። እናቴም ደስ ብሏታል። "ተመልሰው ካልገቡ ለማን ነው የማሠራው?" ነው ያለችኝ።

የደሴዋ (መጋቢት 9)

ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ልጻፍ። ሥራው ጥር ላይ አልቋል። መሠረቱን ስናየው ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ስለዚህ ለቁፋሮው በቂ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ ነው። እግሩ ላይ ሁለተኛውን ቀዳዳ ሲከፍቱ ውሃው የጣት ውፍረት ሆኖ ነው የወጣው፣ በበጋ። ሠራተኞቹ ሁሉ ቆመው አዩት። ስንጥቁ ላይ የለጠፍኩት ጂፕሰም እስካሁን ደህና ነው።

በልጉ ሰሞኑን በደንብ ጥሏል። ከፊት ያለው ቧንቧ ቀንና ሌሊት ይፈሳል፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ውስጡ ወለሉ ደርቋል። ግድግዳው ግን ገና ጠቆር ያለ ነው። ተከራዮቹ ለመመለስ ቸኩለዋል፣ እናቴም ለስና ቀብታ ልትሰጣቸው ትፈልጋለች። አሁን ይለሰን?

የመሠረት ሰው (መጋቢት 9)

እሰይ! ግድግዳው ግን ቶሎ አይደርቅም። ውሃ የጠጣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ወራት ይፈልጋል። የተነፋውን ልስን ሁሉ ፈንቅላችሁ አውጡ፣ ጨዉን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ በውሃ አትጠቡት። ከዚያ በኖራ ብቻ ይቀባ። ኖራ እርጥበቱን አያፍንም። ዘይት ቀለም፣ ቻክ፣ ሴራሚክ የሚባል ክረምቱ እስኪወጣ አይነካ። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል የፊተኛው ይሁን፣ አልጋና ቁምሳጥን ከኋለኛው ግድግዳ አንድ ክንድ ይራቅ።

የቧንቧው ሁለት ጫፍ ክዳን ያለው መፈተሻ አለው አይደል? ግንቦት ላይ ከላይኛው ጫፍ ሁለት ጄሪካን ውሃ ልቀቁበት። በታች በኩል ባንዴ ካልወጣ ክረምቱ ሳይገባ ይጠረግ።

የደሴዋ (መጋቢት 10)

በላይኛው ጫፍ መፈተሻ አልተሠራም፣ በታች ብቻ ነው ያለው። ነገ ግንበኛውን እጠራዋለሁ።

ግንበኛ ከአራዳ (መጋቢት 10)

ቀላል ነው፣ ጥጉ ላይ ሊሾውን ትንሽ ከፍቶ ቧንቧውን በክርን ወደ ላይ ማውጣትና በክዳን መዝጋት ነው። የክርኑ ቁራጭ እኔ ጋ አለ። በውስጥ መስመር አድራሻ ላኪልኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።